በአንዲት ፍ

ስለ መምህርት እኅተማርያም የምጽፈው እኔ ጎሹ ነኝ። ሮቤ ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነኝ፤ ስንዴና ዱቄት ነው የምሸከመው። ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ አረፍተ ነገሬ ቢያጥር ይቅርታ ይደረግልኝ። ረጅም ስጽፍ መሀል ላይ መንገዱ ይጠፋብኛል።

እሳቸውን ሮቤ ላይ የማያውቅ የለም። አሁን ግን ሰው ስማቸውን ሲያነሳ ከስርቆቱ ነው የሚጀምረው። ደስ አይለኝም። እኔ ከዚያ በፊት ካለው ልጀምር።

የተወለዱት ጎባ ነው። አባታቸው ጎባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ ከሰሜን መጥተው መዝገብ ቤት የሚሠሩ ጸሐፊ ነበሩ። እሳቸው ሮቤ መጥተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት አስተማሩ። አላገቡም። ለምን እንዳላገቡ ሰው ብዙ ያወራል፤ እኔ ጠይቄ አላውቅም። ቀን ቀን ልጆች ያስተምራሉ፤ ከአሥር ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ተኩል ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት አንዲት ክፍል ውስጥ እኛን ትልልቆቹን በነጻ ያስተምሩ ነበር። አሥራ ሁለት ነበርን። ከኪሳቸው የገብስ ቆሎ አይጠፋም። ተማሪ በትክክል ሲያነብ አንድ ፍሬ ወደ አፋቸው ጣል ያደርጋሉ፤ ስንሳሳት አይበሉም። ከኛ ጋር የምትማረው ሻይ ሻጯ ዙሀይራ፣ «ዛሬስ ቲቸርን በረሃብ ልንገድላቸው ነው» ትል ነበር።

እኔ አስቸጋሪው ተማሪ ነበርኩ። ይህን መደበቅ አልችልም። ከመንዝ የመጣሁት ከአባቴ ጋር ተጣልቼ ነው፤ ሮቤም ከመጣሁ በኋላ መጣላቴን አልተውኩም። አረቄ እጠጣ ነበር። የፊት ጥርሴ አንዱ የተሰበረው መናኸሪያ አካባቢ ነው፤ በምን ምክንያት እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ትምህርት የገባሁት ዙሀይራ «አንተ የምትፈርምበትን እንኳ አታውቅ፣ ምንድን ነው ሁሌ የምትቆጣው?» ብላ ስላሳፈረችኝ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት «ሐ»ን «ሕ» ብዬ አነበብኩና አንድ ሰው ሳቀ። ተነሳሁ። ደብተሬን ቦይ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የምመለስ አልነበርኩም። በማግስቱ መጋዘን በር ላይ ኩንታል ተሸክሜ ሳለ ቲቸር መጡ። ጓደኞቼ መጮህ ጀመሩ።

«ቲቸር፣ ስንዴ ሊገዙ ነው? እኛ እናደርስልዎታለን!»

«የለም» አሉ። «ተማሪ ጎሹ ደብተሩን ረስቶ ሄዶ ነው።»

ደብተሩን ሰጡኝ። ታጥቦ ደርቋል፤ ገጾቹ አብጠው እንደ ዳቦ ሆነዋል። ከቦይ ማውጣታቸውን እሳቸውም አላወሩ፣ እኔም አላወራሁ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ያለውን ማዳበሪያ አዩና፣ «የምትሸከመው ላይ ምን ይላል?» አሉኝ። «እኔ ምን አውቄ፣ ጀርባዬ ላይ ነው» አልኳቸው። ሁሉም ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ። «እንግዲያው ከመሸከምህ በፊት አንብበው» ብለው ሄዱ።

እንደዚያ ነው ማንበብ የለመድኩት። የዱቄት ማዳበሪያ ከመሸከሜ በፊት አንዲት ቃል። ሰልፍ አስቆማለሁ፤ ጓደኞቼ ይሰድቡኛል። «ቄስ ጎሹ ዳዊት ደገሙ፣ እንለፍ?» ይላሉ። ማታ ማታ መጠጣቴን ማን እንዳስቆመኝ አላውቅም። በራሱ ቀረ። አሥር ሰዓት ሲደርስ ልቤ መምታት ይጀምራል፤ ፊቴን በመጋዘኑ ቧንቧ እታጠባለሁ፤ ከሸሚዜ ላይ ዱቄቱን አራግፋለሁ። ፍቅር ነው ብዬ አልጽፍም፤ እሳቸው በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጡኛል፣ መምህሬም ናቸው። ማክበር ብቻ ነው ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆንብኛል። እዚህ ላይ ልተወው።

የምኖረው ከሳሚ ጋር በአንዲት ክፍል ነበር። ሳሚም ጫኝ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ራዲዮ የማይዘጋ፣ ሰው የሚያበዛ ነው። እዚያ ማጥናት አልቻልኩም። ይህን ሳልፈልግ ለቲቸር ነገርኳቸው። እሳቸው የክፍሏን ቁልፍ ከገመዱ ፈተው ሰጡኝ።

«እኛ ከወጣን በኋላ እስኪመሽ ተቀመጥና አጥና። ግን ስማኝ ጎሹ፣ ይሄ ውሰት ነው፤ ስጦታ አይደለም። ርዕሰ መምህሩ ከጠየቀኝ አዋስኩት ነው የምለው። ሐምሌ ላይ ትመልሳለህ።»

«እመልሳለሁ ቲቸር።»

ውሰት የምትለዋን ቃል እንደ አደራ ያዝኳት።

አንድ እሑድ ሻያ ወንዝ ልብስ ላጥብ ወረድኩ። ቁልፉ ቤት በሰቀልኩት ሱሪ ኪስ ውስጥ ነበር። ሳሚ ከአንድ ሰው ጋር ሆኖ በጠራራ ፀሐይ ባጃጅ ይዞ ትምህርት ቤቱ ገባ። «ኮምፒውተር ጠጋኞች ነን» ብሎ ለዘበኛው ሰላምታ ሰጠው። ክፍላችን ጥግ ላይ በጨርቅ ተሸፍነው የተቀመጡ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፕሪንተር ነበሩ። ጫኑና ሄዱ። ቁልፉን ኪሴ መለሰው። እኔ ማታ ስገባ ሻይ አፍልቶ ጠበቀኝ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው።

ሰኞ ጠዋት መጋዘን መጥተው ያዙኝ። በሩ አልተሰበረም፤ ዘበኛው ደግሞ ማታ ማታ እኔ ስከፍት ያያል። ቁልፉም ኪሴ ውስጥ ተገኘ።

ጣቢያ ላይ የተቀበለኝ ፖሊስ ክፉ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ የጠየቀኝ «በአማርኛ ነው ወይስ በኦሮምኛ?» ብሎ ነው። አማርኛ ብል ይጽፍልኝ ነበር። እኔ ግን አፈርኩ። ስምንት ዓመት ሮቤ ኖሬ ቋንቋውን አላውቅም ማለት እንደ እንግዳ ያስቆጥረኛል፣ እንግዳ ደግሞ ይጠረጠራል ብዬ አሰብኩ። የኔ ኦሮምኛ የገበያ ነው፤ ከኩንታልና ከዋጋ አያልፍም። ቢሆንም «በኦሮምኛ» አልኩት።

«ፉርቱ ከነ ኤሳ አርገቴ?» አለኝ። ቁልፉን ከየት አገኘኸው ማለቱ ነው።

ሰጡኝ ማለት አልፈለግሁም። ሰጡኝ ካልኩ ውሰት ነው ያሉኝ ነገር ይቀራል፤ የመንግሥት ቁልፍ ለሰው አደሉ ይባላሉ ብዬ ፈራሁላቸው። አዋሱኝ የሚለውን ፈለግሁ። ጓደኞቼ አካፋ ሲዋዋሱ የሚሉት ቃል አለ፤ ሰምቼዋለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ፈልጌ ፈልጌ አወጣሁት።

«ባርሲስቱን ና ኤርጊቴ።» መምህርቷ አዋሰችኝ ማለቴ ነው።

ፖሊሱ ብዕሩን አቆመ። «ሲ ኤርጊቴ?»

«ኤዬ» አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። «ና ኤርጊቴ።»

ሦስተኛ ጊዜም ጠየቀኝ። ሦስተኛም ጊዜ በኩራት ደገምኩ። ቃሉን በማግኘቴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ጻፈው። የኦሮምኛ ጽሑፍ በላቲን ፊደል ስለሆነ እኔ ማንበብ አልችልም። አውራ ጣቴን አስነክሮ አስፈረመኝ። የዚያን ቀን ከሰዓት ቲቸርን ከክፍል አስወጥተው አመጧቸው።

እኔ ዘጠኝ ቀን ተቀመጥኩ። በዘጠነኛው ቀን ሳሚ ጎባ ላይ ፕሪንተሩን ሊሸጥ ሲል ባለሱቁ ከጀርባው የትምህርት ቤቱን ስም አነበበና አስያዘው። ሳሚ ሁሉንም ተናገረ። እኔን ፈቱኝ።

ስወጣ ደጅ ላይ የቆመችው ዙሀይራ ናት። ዳቦ ይዛለች፤ ግን አልሰጠችኝም።

«አንተ ሰው አይደለህም» አለችኝ።

«ምን አደረግሁ?»

«ምን አደረግሁ ይላል! ቲቸር ሁለት ሌሊት እዚህ አደሩ። ዋስ የሚሆን ሰው ከትምህርት ቤቱ ጠፍቶ እኔ ነኝ የሻይ ቤቴን ፈቃድ ይዤ የመጣሁት። ሂድና ስረቅ ብለው ላኩኝ ብለህ ፈረምክባቸው አሉ!»

«እኔ? እኔ እንደዚያ አልወጣኝም!»

«ታዲያ ምን አልክ?»

«አዋሱኝ ነው ያልኩት። ባርሲስቱን ና ኤርጊቴ አልኩ።»

ዙሀይራ ዳቦውን ጣለችው። ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወላሂ! ወላሂ ጎሹ! ኤርጊፍቴ ነው! ኤርጊ-ፍ-ቴ! ኤርጊቴ ማለት እኮ ላከችኝ ማለት ነው!»

መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። ሁለቱን ቃል አሥር ጊዜ አስደጋገምኳት። ልዩነቱ አንዲት ፍ ናት። ከአፌ የቀረች አንዲት ፍ። ዙሀይራ እያለቀሰች መሳቅ ጀመረች፤ እኔ ግን ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሳቸው ምን አሉ?» አልኳት።

«ምን ይላሉ? ልከሽዋል ወይ ሲሏቸው ‹ቁልፉ የኔ ነው፤ የሰጠሁትም እኔ ነኝ፤ ልጁ ሌባ አይደለም› ብቻ አሉ። ዋሽቷል እንኳ አላሉህም።»

ተመልሼ ገባሁና ለፖሊሱ ነገርኩት። ሰማኝ። ሌባው ተገኝቷል፣ እሳቸውም ነጻ ናቸው፣ አንተም ነጻ ነህ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ አለኝ። ይልቅ አንድ ቃል ይዤ ወደ ቤታቸው መሄድ ነበረብኝ።

ቤታቸው ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ነው፤ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር። የመጀመሪያው ቀን እስከ በሩ ደረስኩ። እጄን አነሳሁ። አላንኳኳሁም። የሁለተኛውም ቀን እንደዚያው። ሥራ ስጨርስ እታጠባለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እቆማለሁ፣ እመለሳለሁ። መቶ ኪሎ የሚሸከም ትከሻ እጅ ማንሳት አቃተው። ዙሀይራ አንድ ቀን አይታኝ፣ «ግባ እንጂ፣ ይበሉሃል?» አለችኝ። «ነገ» አልኳት። አሥራ ሁለት ቀን እንደዚህ ሄደ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን በሩ ላይ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

«ሄዱ» አለችኝ ዙሀይራ። «ሪራ መድበዋቸዋል አሉ። እዚያ ጫካ ውስጥ።»

የኛ ትምህርት ቆመ። ሌላ መምህር አልመጣም። ከተማው ደግሞ ያወራል፤ አስተምረው ሰው ያደረጉት ሸጣቸው፣ በሱ ምክንያት ጫካ ተጣሉ ይላል። መጋዘን ላይ ቄስ ጎሹ የሚለኝ ጠፋ። ይሁዳ የሚለኝ ግን አልጠፋም። አልተጣላሁም። አረቄም አልተመለስኩም፤ ይህን እሳቸው ቢያውቁ ደስ ይለኝ ነበር። አሥር ሰዓት ሲሆን ግን አሁንም ሳላስበው ወደ ቧንቧው እሄዳለሁ። ፊቴን ታጥቤ የምሄድበት የለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ ፊቱን ታጥቦ የሚቆም ሰው ሆንኩ።

ባለፈው ጥር ዙሀይራ አንድ ወረቀት ይዛ መጣች። «መምህርት እኅተማርያም ወደ ሮቤ ተመልሰው እንዲያስተምሩን እንለምናለን» ይላል። ከአሥራ ሁለታችን አንዱ ሞቷል፤ አሥራ አንዳችን በገዛ እጃችን ስማችንን ጻፍን። አንድም አውራ ጣት የለበትም። «የምትወስደው አንተ ነህ» አለች። «ሌላ ሰው ላኪ» ብላት፣ «እኔ አልልክም፤ መላክ ምን እንደሚያመጣ አይተናል» አለችኝ።

በሚኒባስ ጎባ ወጣሁ፤ ከጎባ የደሎ መና አውቶቡስ ያዝኩ። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዣለሁ። ረዳቱ አየና፣ «ሪራ ነው የምትወርደው? ወደ ማር አገር ስኳር ይዞ የሚሄድ ሰው ዛሬ ገና አየሁ» ብሎ አውቶቡሱን አሳቀብኝ። ሳነቲ ተራራ ላይ ስንወጣ ጉሙ መስኮቱን ሸፈነው። ጅባራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል ብቻ እንደ ሰው ቆሞ ይታያል። የምናገረውን በልቤ ስደጋግም ጣቶቼ ደነዘዙ። ከዚያ ቁልቁለቱ መጣና ጫካው ዋጠን፤ አየሩ ሞቀ፤ ረዳቱ «ሪራ!» አለ።

ትምህርት ቤቱ የእንጨት ነው። ክፍለ ጊዜው እስኪያልቅ ውጭ ቆምኩ። ድምፃቸውን በግድግዳው ስንጥቅ ሰማሁት፤ በኦሮምኛ ነው የሚያስተምሩት። አልተለወጠም። ልመለስ አስቤ ነበር፤ ግን አውቶቡሱ ሄዷል።

ልጆቹ ወጡ። እሳቸው ወፍራም ሹራብ ለብሰው፣ ቦት ጫማ አድርገው በሩ ላይ ቆሙ። ፀጉራቸው ሸብቷል።

«ጎሹ?»

«አዎ ቲቸር።»

«ከስተሃል።»

«ደህና ነኝ። እርስዎ ደህና ነዎት?»

ቤታቸው ክፍሉ ጀርባ ነው። አስገቡኝ። ዳቦና ማር አቀረቡልኝ፤ ስኳሩን አይተው ፈገግ አሉ እንጂ አልቀለዱብኝም። መብላት አልቻልኩም። ቆሜ ያጠናሁትን ጀመርኩ።

«ቲቸር፣ ያኔ ጣቢያ ላይ፣ እኔ ለማለት የፈለግሁት…»

«ኤርጊፍቴ ለማለት ነው» አሉ። «ሲያነቡልኝ ወዲያው ገብቶኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የተማሪ ስህተት ሳርም ኖሬ ይሄ ይጠፋኛል?»

«ታዲያ ለምን አላረሙትም?»

«ባርመው ኖሮ ቁልፉም ጥርጣሬውም አንተ ላይ ብቻ ይቀር ነበር። ሁለት ሰው ሲይዘው ይቀላል ብዬ ነው። አንተ ሸክም ታውቃለህ።»

ተቀመጥኩ። ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን እሳቸው ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ቀስ ብለው አነበቡ። የዙሀይራን ፊርማ ሲያዩ፣ «ይቺ ሴት ስሟን ስትጽፍ ሻይ የምትቀዳ ነው የሚመስለው» ብለው ሳቁ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«አልመለስም ጎሹ።»

«ያባረሩዎት ሰዎች ተቀይረዋል እኮ፤ ርዕሰ መምህሩም…»

«ማንም አላባረረኝም። ዝውውር የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ከጣቢያ ወጥቼ መምህራን ክፍል ስገባ ወሬው ቆመ። አንዷ፣ አብረን አሥር ዓመት የሠራን፣ ወንበር ላይ የነበረውን ቦርሳዋን አንስታ ጭኗ ላይ አደረገችው። አየኋት። እዚያ ክፍል እንደገና መግባት አልችልም። ሪራ ማንም ቦርሳውን አያነሳብኝም።»

ውጭ አንድ ሰው ከብት እየጠራ አለፈ። እኔ ሌላ የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም፤ መጠየቅ ያለብኝ ነገር እንዳለ ግን ተሰማኝ።

«በኔ ግን አልተቀየሙም?» አልኩ።

ማሩን ወደ እኔ አስጠጉ።

«በቃሉ አልተቀየምኩህም» አሉ። «በመስኮት አይህ ነበር። በሩ ድረስ ትመጣለህ፤ እጅህን ታነሳለህ፤ ትሄዳለህ። አንኳኩቶ ይገባል እያልኩ ሻይ አፍልቼ እቀመጥ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ቢገባ፣ አንድ ሰው፣ ምናልባት አልሄድም ነበር። አሥራ አንደኛው ቀን ላይ ዕቃዬን ማሰር ጀመርኩ። አሥራ ሁለተኛውንም ጠበቅሁህ።»

ይህን ሲሉ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እኔ ስለ አንዲት ፊደል ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የሄድኩት። የበደልኳቸው ግን በተናገርኩት አልነበረም።

«ፈርቼ ነው ቲቸር» አልኩ። «ምን እንደምል አላውቅም ነበር።»

«ምንም ባትል ምን ነበረበት? ሻይ መጠጣት ቃል አይፈልግም።» ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው መለሱ። «እኔም መውጣት እችል ነበር። በሩን መክፈት እችል ነበር። እኔም አፈርኩ።»

ከደሎ መና የሚመለሰው አውቶቡስ ጥሩምባ ተሰማ። ተነሳን። እስከ መንገዱ ሸኙኝ። አንድ ጠርሙስ ማር በጋዜጣ ጠቅልለው እጄ ላይ አደረጉ። አውቶቡሱ ሞልቷል። ቆሜ ነው የሄድኩት፤ በሰው ትከሻ መሀል አጎንብሼ ሳያቸው መንገዱ ዳር ቆመው ነበር፣ ከዚያ ጫካው ሸፈናቸው።

ሮቤ ስገባ ለዙሀይራ እንዳልተቀበሉ ነገርኳት። ቀሪውን ለማንም አልነገርኩም፤ አሁን ነው የምጽፈው። ሰው በኔ ምክንያት ጫካ ተጣሉ ይላል። አልተጣሉም፤ ራሳቸው ናቸው የሄዱት። በኔ ምክንያት የሚለው ግን እውነት ነው፤ ከተማው በሚያውቀው መንገድ አይደለም እንጂ። ይህንንም ጽፌ ካላስቀመጥኩት ፈርቼ ዝም ያልኩት አሥራ ሦስተኛ ቀን ይሆናል።

አሁን ክረምት ነው። ሳነቲ ላይ መንገዱ ጭቃ ነው፣ አንዳንድ ቀን መኪና አይወጣም ይላሉ። መስከረም ላይ መንገዱ ሲደርቅ እሄዳለሁ። ሮቤ አልመለስም ብለዋል። አትምጣ ግን አላሉኝም።